በድልድይ ላይ ስለቀረው የርችት ካርቶን

ለክቡር የግዛታችን ምክር ቤት የርችት ሕግ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ዓይንዎም አጥርቶ የሚያይ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የዓይኑን ነገር ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ስሜ ሎርና ፕሩኢት ይባላል። ኮበርን ፌሪ በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ ወንዙ ዳር፣ ከታናሽ ወንድሜ ከኦርቪል ጋር የምኖር ባልቴት ነኝ። የኦርቪል ዓይን ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ሄዶ አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚመለከት ሰው ሆኗል። ሐኪሙም «ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ ቅጠል እስኪረግፍ አትጠብቅ» ብሎታል። ወንድሜ ባሕር ውሰዱኝ አላለም፤ ተራራም አላማረውም። «በገዛ እጄ ለኩሼ፣ ርችት ሰማይ ላይ ሲበተን ልይ» አለ። እኔም ይህ ቀላል ነገር መሰለኝ፤ ሕግዎን ገና አላነበብኩትማ።

አንደኛ፣ ስለ መደብሩ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በአውራ ጎዳናው ዳር፣ ጣሪያው ላይ በአየር የተነፋ ጎሪላ በቆመበት በዚያ ሰፊ መደብር፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ማንኛውም አዋቂ ሰው ያሻውን ያህል ርችት ይገዛል፤ የሚጠበቅበትም በግዛታችን ውስጥ እንደማይተኩሰውና በሁለት ቀን ውስጥ ከግዛቱ ይዞት እንደሚወጣ መፈረም ብቻ ነው። ሻጯ እስክሪብቶውን እያቀበለችኝ «ይፈርሙ የኔ እናት፤ ሁሉም ይፈርማል፣ ከዚያ ሁሉም ጓሮው ገብቶ ያንጣጣዋል» አለችኝ። ኦርቪል ግን ዕድሜውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ያሳለፈ ሰው ነው። «ፊርማ ፊርማ ነው፣ ሎርና። ከወንዙ ማዶ፣ በሌላው ግዛት፣ የአጎታችን ልጅ እርሻ አለ፤ እዚያ ወስደን እንተኩሰዋለን» አለ። እንግዲህ ክቡርነትዎ በግዛቱ ውስጥ ሕግዎን ከምር የወሰደ ሰው ቢያስፈልግዎ፣ አንዱ እኔ ቤት እንደሚኖር በዚህ አጋጣሚ አሳውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ድልድዩ። የነጻነት ቀን ሲቃረብ የማዶው ግዛት ፖሊሶች በድልድዩ ጫፍ ቆመው መኪና እንደሚፈትሹ አናውቅም ነበር። አንዱ ፖሊስ የፒክአፓችንን ሸራ ገልጦ ካርቶኑን አየና ባርኔጣውን ነካ አድርጎ፣ «እመቤቴ፣ እኛ ዘንድ ርችት መያዝ ራሱ ወንጀል ነው። ትንሽ ቢገፉ መኪናውንም እወርሳለሁ፤ ይመለሱ» አለኝ። ተመለስኩ። በእኛ በኩል ባለው ጫፍ ደግሞ የእኛው ምክትል ሸሪፍ ክላይተን ቮስ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። በሕፃንነቱ የማውቀው ልጅ ነው፤ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«እትዬ ሎርና፣ አወጣዋለሁ ብለው ፈርመው አውጥተውታል። አሁን መልሰው ካስገቡት ሕገ ወጥ አስገቢ መሆንዎ ነው።»

«ታዲያ የት ልሂድ?»

«እሱን ሕጉ አይናገርም።»

«ወንዝ ውስጥ ብጥለውስ?» ብዬ ጮህኩ። ያን ጊዜ ሁለቱም ፖሊሶች፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ፣ በአንድ አፍ «ክልክል ነው!» አሉ። ሁለቱ ግዛቶች እንዲህ ሲስማሙ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ በጋለ የብረት ድልድይ ላይ፣ ባሩድ በጀርባዎ ጭነው፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄጃ አጥተው ሲቀመጡ ቁጥር ከጭንቅላት ይጠፋል። መሪውን ከመጨበጤ ብዛት ጣቶቼ አልዘረጋ አሉኝ። ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ያስጮሁ ነበር፤ አንዱ በአጠገባችን ሲያልፍ አንገቱን አውጥቶ «እማማ፣ እዚሁ ጎጆ ሊቀልሱ ነው እንዴ?» አለኝ። ኦርቪል ወደ እኔ ዞሮ «የድልድዩ መሃል የማን ነው? የማንም ካልሆነ እዚሁ ልለኩሰው» አለ። «ዝም ብለህ ተቀመጥ!» ብዬ ጮህኩበት። ጩኸቱ ለእርስዎ የተሰናዳ ነበር፤ አጠገቤ የነበረው ግን እሱ ሆነ።

በመጨረሻ ክላይተን በሬዲዮ ሲነጋገር ቆይቶ መውጫ አገኘልን፤ ርችቱን በፈቃዳችን ለእሳት አደጋ አስረክበን እንዲወገድ ማድረግ። አስረከብን። የእሳት አደጋው ኃላፊ በደንቡ መሠረት በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በድንጋይ ካባው ውስጥ እንደሚቃጠል ነገረን። ኦርቪል «ምሽት ላይ አድርጉት፤ እኔ ከአጥሩ ውጪ እቆማለሁ» ብሎ ለመነው። ሰውየው ደግ ሰው ነበር፤ ግን አንገቱን ደፍቶ «ደንቡ በቀን ብርሃን ይላል፣ ጋሽ ኦርቪል፤ ለደኅንነት ነው» አለ።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ በካባው አጥር ሥር ቆምን። ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት፣ ነዳጅ አርከፈከፉበት፣ ለኮሱት። ይንጣጣል፣ ያፏጫል፣ ምድሩን ያናውጣል። በዚያ ፀሐይ እኔ እንኳ ከነጭ ጭስ በቀር አንዳች አላየሁም። ኦርቪል የአጥሩን ሽቦ በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ፣

«ቀለሙ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አረንጓዴ» አልኩት። «አሁን ቀይ። ይሄኛው ደግሞ ወርቃማ ነው፤ ከላይ እየረገፈ ይወርዳል።»

ፈገግ አለ። ቆይቶ በዝግታ «አትዋሺ፣ ሎርና» አለኝ። «ግን ቀጥዪ።»

ጭሱ ወንዙን ተሻግሮ ማንም ሳያስቆመው ማዶ እስኪገባ ድረስ ቀጠልኩ።

ጎሪላውን ዓመቱን ሁሉ በጣሪያው ላይ ስላቆሙልን፣ ቃሉን ለሚያፈርስ ጓሮውን፣ ለሚጠብቅ ድልድዩን ስለሰጡ፣ እጅ ነስቼ ከነሙሉ አክብሮቴ ስንብቴን አቀርባለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት ፈራሚ፣
ሎርና ፕሩኢት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት በምክር ቤቱ አዳራሽ ምረቃ ላይ ያስተኮሱትን ርችት በቴሌቪዥን ተመልክተናል፤ ኦርቪል አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠግቶ ነበር። እጅግ ያምር ነበር። ለእርስዎ የተፈቀደበት አንቀጽ የትኛው እንደሆነ ቢጽፉልን ደስ ይለናል፤ እባክዎ በትልልቅ ፊደል ያስጽፉት፣ ቶሎም ይላኩት።