ለዮስት የጋገርኩት የአጃ ፓይ

ለምወድሽ እህቴ ለሎቪና፣

እንደምን ሰንብተሻል? ሳሉስ ለቀቀሽ ወይ? የባልሽ የሬኖ ወገብ ተሻለው? ልጆቹ ደህና ናቸው? ሞንታና ላይ በረዶው እስካሁን በር ይዘጋል ሲሉ ሰማሁ፤ ጌታ ከብርዱ ይሰውራችሁ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ብቻ እናታችንን በኦክቶበር ከቀበርን ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል። አንዳንድ ቀን ከፈረሷ በቀር የማናግረው ሳላገኝ ይመሻል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ በር ተንኳኳ። ወንድማችን ዮስት ነበር። የእምነት ማኅበራችንን ትቶ ከተወገዘ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ያደገበትን ቤት እንደ እንግዳ ማንኳኳቱ አንጀቴን በላው። “የእናታችንን መሞት የነገረኝ የወተት መኪና ነጂ ነው” አለኝ፤ “መቃብሯን አሳዪኝ።” ከአጥሩ ማዶ ጠቆምኩት፤ ብቻውን ሄደ።

እስኪመለስ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝና የአጃ ፓይ ጋገርኩ። ለውዝ ባልነበረን ዘመን እናታችን በለውዙ ፈንታ አጃ እያደረገች ለእሁድ ምሳ ማጣጣሚያ የምትሠራውን ማለቴ ነው። ሊጡን በአሳማ ስብ አሽቼ ዳመጥኩት፤ እንቁላሉን ከቡናማ ስኳርና ከቅቤ ጋር መታሁ፤ አጃውን ጨምሬ ሊጡ ላይ አፈሰስኩና ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አጃው ተንሳፍፎ ከላይ ቀላ፤ ስኳሩ ከሥር እንደ ማር ረጋ። ጠርዙ ግን ትንሽ አረረብኝ።

ከተወገዘ ሰው ጋር በአንድ ገበታ አንቀርብምና ትንሿን ጠረጴዛ ከትልቁ አንድ ስንዝር አርቄ አቆምኩለት። ጉልበቱ ላይ ጭቃ ይዞ ገባ፤ ክፍተቱን አየና “ከዚህ የሰፋ ጠብቄ ነበር” አለ። ሲቀምሰውም “ዛሬም ጨው ረስተሻል፣ አንቺ ሴትዮ” ብሎ አሾፈብኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ።

ከዚያ ሹካውን አስቀምጦ “አድራሻዬን አታውቂም ነበር?” አለኝ።

ሎቪና፣ አንቺም በቀብሩ ሰሞን ስለ ዮስት ስትጠይቂኝ “ስለ ሞቷ ጻፍኩለት፣ መልስ አልሰጠም” ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። አልጻፍኩለትም። ዘጠኝ ዓመት እናታችንን ብቻዬን አንስቼ አስተኝቼ፣ አጥቤ አጉርሼ፣ እሷ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ “ዮስት መጣ?” ትል ነበር። ቂም ያዝኩ። ቀብሯ እንኳ የእኔ ብቻ እንዲሆን ፈለግሁ። ለእሱም ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኩት።

“በየቀኑ ትጠይቅ ነበር?” አለ። “በየቀኑ” አልኩት። ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ። ተነስቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ቢላውን አንስቶ አንድ ቁራሽ ቆረጠና ዘረጋልኝ። ከእጁ መቀበል እንደማይፈቀድልኝ ትዝ ሲለው እጁ አየር ላይ ቀረ። “አስቀምጠው፣ አነሳዋለሁ” አልኩት። ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ አኖረው፤ አንስቼ በላሁ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። የተረፈውን በጨርቅ ጠቅልዬ መኪናው ወንበር ላይ አኖርኩለት። እሱ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ከበፊቱም ይልቅ ጭር ብሏል። ይመለስ አይመለስ አላውቅም።

አንቺ ጻፊለት፤ አድራሻውን ከወረቀቱ ጀርባ አስፍሬዋለሁ። እኔንም ብትቆጪኝ ተቆጪኝ፤ ብቻ ዝም አትበይኝ።

ሬኖን እግዜር ያበርታህ በይልኝ። ማቲንና ትንሹን ኢኖስን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አማትሽን ድሩሲላን ሳሎማ ጤናዎን ትጠይቃለች በያቸው።

እህትሽ ሳሎማ
ሆልምስ፣ ኦሃዮ
ማርች 9 ቀን 1987