ኮዱ ያልደረሳቸው እንግዳ

ሰኞ
የእንግዶች ዋይፋይ መግቢያ ገጹ ተከፈተልኝ! ስልክ ቁጥር ማስገባት፣ በመልእክት የሚመጣውን ኮድ መጻፍ፣ አለቀ። በሦስት ስልክ ሞከርኩት፣ ሠራ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ደረጀ «እስከ ዓርብ ማንኛውም እንግዳ አንቺን ሳይጠይቅ ይግባ» ብለውኛል።
የመጀመሪያዋ እንግዳ ግን አልገቡም። እማማ ሐዋ ይባላሉ፤ ጦርነቱን ሸሽተው ከሱዳን እዚህ አሶሳ የመጡ፣ የበርታ ብሔረሰብ እናት። ልጃቸው ፋጡማ ከነልጆቿ እዚያው ሱዳን፣ ዳማዚን ቀርታለች። መደወል አይሠራላትም፤ ኢንተርኔት ስታገኝ ብቻ አልፎ አልፎ በዋትስአፕ ድምፅ ትልካለች። የእማማ ሲም የሱዳን ነው፤ ኮዱ አይደርሰውም።
«አንተ ልጄ፣ ምንም አልመጣም» ይሉኛል። እኔን ሴቷን፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። እስክንዘጋ ተቀመጡ።

ማክሰኞ
መብራት የለም። ቀኑን ሙሉ። እማማ ሐዋ መጡ፣ ጠበቁ፣ ሄዱ። «ነገ አለ?» አሉኝ። «እንጃ» ማለት አፈርኩና «አዎ» አልኩ።

ረቡዕ
ገጹን አንስቼ ለሁሉም ለቀቅኩት። ምን ነክቶኝ ነው? አራት ሰዓት ሳይሞላ ተማሪው፣ መንገደኛው፣ አጥሩ ጥግ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ ገቡበት። ኔትወርኩ ታነቀ። እንግዶቹን ከቢሮው መስመር አልለየሁም ነበርና የአንድ የማላውቀው ሰው የሠርግ ፎቶ በአቶ ደረጀ ፕሪንተር ወጣ።
«ይኼ ምንድን ነው?»
ሁሉንም አስጠፉኝ። እማማ ሐዋ በሩ ላይ ደርሰው ነበር።

ሐሙስ
ጠዋት ገብቼ፦ የእንግዳውን መስመር ከቢሮው ለየሁ። ለእያንዳንዱ ሰው የፍጥነት ገደብ አደረግሁ። በመልእክት የሚመጣ ኮድ የለም፤ ስምንት አሃዝ የይለፍ ቁጥር በወረቀት ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ።
እማማ ሐዋ ቁጥሩን ራሳቸው ነክተው ገቡ። ስልካቸው ደጋግሞ ጮኸ። የፋጡማ ድምፅ። ሰሙት፣ እንደገና ሰሙት።
«ሰኞ ኩርሙክ ገባን ይላል። ድንበር ላይ፣ እስከ ረቡዕ እንጠብቃለን ይላል።»
ዛሬ ሐሙስ ነው።
መልስ ቀድተው ላኩ። አንድ ምልክት ብቻ፤ አልደረሰም። አልተቆጡኝም። «አንተ ምን ታደርጋለህ» አሉና የኩርሙክ መኪና ፍለጋ ወጡ። ቁጥሬን ሰጠኋቸው።
ሰኞ ዕለት በራሴ ስልክ ኢንተርኔት ላገናኛቸው እችል ነበር። ሁለት ደቂቃ። የእኔ ሐሳብ ገጹ ላይ ነበር።

ዓርብ
እንግዶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ የሚጠይቀኝ የለም። አቶ ደረጀ «አየሽ፣ ቀላል ነበር» አሉ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።
ለእማማ ሐዋ መልእክት ልኬያለሁ። አልደረሰም።

ቅዳሜ
ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። እማማ ሐዋ! መስመሩ ይቆራረጣል።
«ሰው አይቷል። ሴት፣ ሁለት ልጅ፣ መኪና ጭኗል። ወደ አሶሳ፣ ወደ መጠለያ።»
«ፋጡማ ናት?»
«ፋጡማ ነው እላለሁ።» ቀጥለው «እየመጣሁ ነው። እሱም ይጽፋል ይሆናል። እዚያ ክፍት ነው?»
ቅዳሜ ዝግ ነን። «ክፍት ነው» አልኳቸው።
ጥበቃውን ለምኜ የዋይፋዩን ማሽን አስበርቻለሁ። ኔትወርኩ አጥሩ ድረስ ይደርሳል፤ እዚያው ሥር ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። የኩርሙክ መኪና ገና አልገባም።