በስመ አብ እስኪባል ድረስ

ይድረስ ባሕር ማዶ፣ ፈረንሳይ አገር ላለሽው ለልጄ ለሀብትነሽ ቸሩ።

ልጄ፣ ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ዓመቱ እንደምን ወጣልሽ? ያ በረዶ የሚሉት ብርድ ደረትሽን አልነካሽም ወይ? ባልሽ ፈረደ እንደምን ነው? ያች በፎቶ ብቻ የማውቃት የልጅ ልጄ ታይቱስ ጥርሷን አወጣች ወይ? እኔ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ይመስገን፣ ነሐሴ ላይ ንዳዱ ጎብኝቶኝ ሄደ እንጂ ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ብቻ ከጥበቃ ማማው ስወርድ ያጉረመርማል። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም የለብኝም እንዳልልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ፈርቻለሁ ልጄ።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደሉ ነፋስ እንደመታው ማሽላ ቢጋደምብሽ አትሳቂ፤ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቴ ከአልጋዬ ራስጌ ተለጥፏል። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ያ ከቀረጥ ቤቱ ደጃፍ የሚቀመጠው ደብዳቤ ጸሐፊ ነበር። ይህን ግን ለእሱ አልሰጥም። አንደኛ፣ ጆሮውን ለገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አከራይቷል ይባላል። ሁለተኛ፣ ቸሩ ፈራ ተብሎ አገር እንዲያወራ አልሻም።

ደብዳቤሽን ሐሚድ ከሱዳኗ ገላባት አምጥቶ ሰጠኝ። ሐሚድን ታውቂዋለሽ፤ የመንግሥት እርሻውን ማሽላ አብሮኝ የሚጠብቀው፣ አማቾቹ ከድንበሩ ወዲያ ያሉት ነው። ለማንም ሳላስነብብ እኔው አነበብሁት። ፊደል እየለቀምሁ ስለሆነ የማነበው በቀን ከጥቂት መሥመር አያልፍም። እንግዲህ መከራዬን እይልኝ። መድኃኒቱን ተወግቼ ከመመርመሪያው መኪና ውስጥ የምተኛው እኔ ነኝ ካልሽው ላይ ስደርስ ፀሐይ ጠለቀች፤ ዓይኔም ደከመ። አይዞህ አባዬ፣ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ራሱ ይጠፋል ካልሽው ላይ የደረስሁት በማግስቱ ነው። በሁለቱ መሥመር መካከል እንዴት እንዳነጋሁ እኔና የጎጆዬ ጣራ እናውቃለን።

ሥራሽን የገባኝን ያህል ልንገርሽ፤ ከተሳሳትሁ አርሚኝ። ከበሽተኛው ደም ውስጥ መድኃኒት ይጨመራል። መድኃኒቱ በሽታው ካለበት ይከማችና ከዚያ ሆኖ ዓይን የማያየው ብርሃን ይረጫል። ብርሃኑ ጥንድ ጥንድ ነው፤ እንደተጣሉ ወንድማማቾች ጀርባ ተሰጣጥተው አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ይሮጣሉ። በሽተኛውን እንደ አጥር የከበቡ ድንጋዮች አሉና እነሱ ይቀበሏቸዋል። የትኛው ድንጋይ ቀድሞ እንደተቀበለ ከታወቀ በሽታው ለእሱ ይቀርባል ማለት ነው፤ ሥጋ ሳይቀደድ ቦታው ይገኛል። አንዱ ሌላውን የሚቀድምባት ጊዜ ግን እጅግ ትንሽ ናት፤ ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ከእሷ ጋር ሲተያይ አንድ ክረምት ሙሉ ያህላል ብለሻል። የድሮዎቹ ድንጋዮች ብርሃኑን ከተቀበሉ በኋላ እንደ ፍም ሲግሉ ይቆያሉ፤ ስለዚህ ማን እንደቀደመ ይምታታል። አንቺና ባልደረቦችሽ ብልጭ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ድንጋይ አዘጋጃችሁ። እስካሁን ውሃ በተሞላ ዕቃ ሞከራችሁት፤ አሁን ሕያው ሰው አስፈለገ።

ይህ ሁሉ የገባኝ በቢሻው እግር ነው። ቢሻው ከጎጃም ለማሽላ ቆረጣ የወረደ ጎበዝ ነው። የእኛ የጥበቃ ወግ እንዲህ ነው፤ እኔ ከእርሻው መካከል ማማ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሐሚድ በምሥራቁ ጫፍ፣ አያ አገኘሁ በምዕራቡ ጫፍ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይዘው ይቆማሉ። ማሽላው ከፈረሰኛ ራስ በላይ ስለሆነ ውስጡ የገባ ሰው አይታይም። አንድ ሰው ከውስጥ ከጮኸ የሰማ ጠባቂ ሁሉ ወዲያው ቆርቆሮውን ይመታል። ቀድሞ የተመታው ቆርቆሮ ለጮኸው ሰው ቅርብ ነው፤ እኔም ከላይ ሆኜ ሰዉን ወደዚያ እሰዳለሁ።

ካቻምና ኅዳር ላይ ቢሻው ለብቻው ወደ ውስጥ ገባ። ትራክተሩ ከማማዬ ሥር ያጓራ ስለነበር ጩኸቱን አልሰማሁም፤ የሰማሁት ቆርቆሮውን ነው። የሐሚድ ቀደመ፤ የአያ አገኘሁ ተከተለ። ሰዉን ሁሉ ወደ ሐሚድ ሰደድሁት። አገዳውን እየገነጠሉ ቢፈልጉ፣ ቢፈልጉ፣ ሰው የለም። ቢሻው ለካስ በአያ አገኘሁ በኩል፣ ድንጋይ ቢወረወር ከሚደርስበት ላይ እባብ ነድፎት ወድቋል። ሲያገኙት እግሩ ቅል አክሏል።

አያ አገኘሁ አልተኛም፤ አልሰነፈምም። ጩኸቱን ሲሰማ ደነገጠና እንደ ክርስቲያን ወጉ መጀመሪያ አማተበ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን ብሎ ጨረሰና ከዚያ ቆርቆሮውን መታ። ሐሚድ በሩቁ ሰምቶ ወዲያው መታ። ያን ሁሉ ሰው ወደ ሌላ ጫፍ የላከችው በስመ አብ እስኪባል ድረስ ያለችው ጊዜ ናት።

ቢሻው በሕይወት አለ፤ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ ቀረ። አሁን ሎሪዎቹ ከሚቆሙበት ሥፍራ ሲጋራና ክብሪት ይሸጣል። አያ አገኘሁን ባየው ቁጥር፣ ኧረ አያ፣ ዛሬስ ዳዊቱን ደግመህ ጨረስህ ወይ ይለዋል። አያ አገኘሁም፣ አንተ ጎጃሜ፣ የቀረችህን እግር ያተረፈችልህ እሷ ጸሎት ናት ይለዋል። ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ግን መሳቅ አቅቶኛል፤ ቆርቆሮ በሰማሁ ቁጥር የቱ ቀደመ እያልሁ ከተቀመጥሁበት ብድግ እላለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ያበጀው ጆሮ ሁሉ የራሱ በስመ አብ አለው። የአንቺም ድንጋይ ይኖረዋል። በውሃው ዕቃ ላይ ቢሳሳት ዕቃው ምን ይሆናል፤ ውሃ አይሞት። መድኃኒቱስ? ደም ውስጥ የተለኮሰ እሳት በዚያው ቀን ራሱ ይጠፋል ስትዪኝ፣ ክብሪት ጭረህ ደረቅ ሣር ላይ ጣል፣ ግዴለህም ይጠፋል እንደማለት ሆነብኝ። ቆላ ነው ያረጀሁት። በራሱ የጠፋ እሳት አይቼ አላውቅም።

ይህን ሥራ ለምን እንደያዝሽው አልጠፋኝም። እናትሽ ባየሽ ስትታመም አንዱ ጉበት ነው አለ፣ አንዱ ኩላሊት አለ፣ አዋቂው ደግሞ ዛር ነው አለ። እዚህ ላይ ነው ብሎ ጣቱን የሚያሳርፍላት ሰው ጠፋ። አንቺ ከአጠገቧ ተቀምጠሽ ሆዷን እየዳበስሽ እማዬ የቱ ጋ ነው፣ እዚህ ነው፣ እዚህ ነው ስትዪያት እኔ ከደጅ ሆኜ እሰማሽ ነበር። ጥያቄው እስከ ፈረንሳይ ድረስ ተከትሎሽ ሄዷል። ቢሆንም እሷን የቀበርሁ ሰው አንቺን ለሙከራ አልሰጥም። ሌላ ይተኛ። ባገሩ ፈረንጅ ሞልቶ የለም ወይ? አትተኚ ብያለሁ። ቸሩ ከተናገረ እንደማይመለስ ታውቂያለሽ፤ የገበሬ ማኅበሩ ጓድ ሊቀመንበርም ያውቃል።

እስከዚህ የጻፍሁት ትናንት ነው። ዛሬ ሐሚድ ወደ ገላባት ሊሻገር ሲል አድራሻሽን ልገለብጥ ደብዳቤሽን ከሣጥኑ አወጣሁ። ከግርጌው፣ ከሰላምታው ሁሉ በታች፣ ሳልደርስበት የቀረ አንድ መሥመር አለ። የጻፍሽበት ቀን ነው። ግንቦት ይላል። መስቀል ሲያልፍ እተኛለሁ ያልሽውን እኔ የሚመጣው ዓመት መስቀል አድርጌው ነበር። ሐሚድን ብጠይቀው፣ ወላሂ አባ ቸሩ፣ ክረምቱን ከገዳሪፍ ወደ ገላባት የሚያመጣው መንገድ ጭቃ ነው፣ ሎሪ አይወጣም፤ ወረቀትህ እዚያ ገዳሪፍ ካለችው ነጋዴ ከዋሲላ ሱቅ ስኳር ጆንያ ላይ ሲያድር ከርሟል አለኝ። ዛሬ ጥቅምት ነው። መስቀል አልፏል። ተኝተሻል።

ሦስት ገጽ ሙሉ አትተኚ እያልሁ ስጮህ የነበረው ከተኛሽ በኋላ ነው። ቀኑን መልሼ መላልሼ አነበብሁት። የሆነው ሆኗል፤ እኔ ብቻ አልሰማሁም። የጻፍሁትን ልቅደደው አልሁና ተውሁት፤ ቃሌን አላነሣም። ተኝተሽም ከሆነ ከልክያለሁ።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ያሳደግሁሽ ሰላምታ ሳታጓድዪ ነው፤ ያለ ሰላምታ የሚጀምር ደብዳቤ የባለጌ ነው ብዬም ገሥጬሻለሁ። ያለፈው ደብዳቤሽ ሰላምታ ብቻውን አንድ ውሎ ፈጅቶብኛል። ስትመልሺልኝ ጉልበቴን አትጠይቂ፤ ንዳዴን አትጠይቂ፤ እግዚአብሔርንም ለጊዜው አታመስግኚ፤ እሱ ይታገሣል። ቀኑን ከላይ አድርጊው። ከዚያ በመጀመሪያው መሥመር፣ በአንድ ትንፋሽ በማነበው ትልልቅ ፊደል፣ ደህና ነኝ በይ። በስመ አቡ በኋላ ይደርሳል።

ለባልሽ ለፈረደ፣ ልጄን ሲያስተኟት ቆሞ ስላየ ቂም ይዤበታለሁ በይው፤ ደህና ከሆንሽ ግን ሰላምታዬ ይድረሰው። ታይቱን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ለዚያች አብራሽ ለምትሠራው አለቃሽም ሰላም በይልኝ፤ ልጅ ወልዳ እንደሆነም ጠይቂያት። አክስትሽ ውባንተ እንዴት ነሽ ብላለች። አያ አገኘሁ በጸሎት አስብሻለሁ ብሏል። ቢሻው ደግሞ ያ ድንጋይ እግር ያበቅል እንደሆነ ጠይቂልኝ ብሏል።

ሐሚድ ጀለቢያውን ለብሶ ከደጅ ቆሟል። እኔ ወደ ማማዬ እወጣለሁ፤ ጆሮዬ ወደ ገላባት ነው።

አባትሽ ቸሩ ይርዳው
መተማ ዮሐንስ
ጥቅምት 19 ቀን 1976 ዓ.ም.