መጥሪያው ደርሷታል

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ እንደ አሮጌ በር ይጮሃል ብለሽኝ ነበር፤ ዘይት ጠብ አድርጊበት እንዳልልሽ ሐኪም አይደለሁም። የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው? ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው ወገቡን ቢያመው አይገርምም፤ ግን ከሥራ ሲገባ ከአንቺ ጋር ትንሽ በእግሩ ይንቀሳቀስ በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ትምህርቱን እንዴት ይዛዋለች? ያ ጉደኛው ትንሹስ፣ ጥርሱ ወለቀለት ወይስ አሁንም በምላሱ ሲገፋው ይውላል? እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ ሰውነቴ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ መሰላል ላይ እወጣለሁ። ሌላውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

ባለፈው ደውለሽ ፍርዱ እንዴት ሆነ ስትዪኝ "አሸንፈናል" አልኩሽ። አንቺ እልልታሽን ስታቀልጪው እኔ ባትሪዬ አልቋል ብዬ ዘጋሁብሽ። ባትሪው ሙሉ ነበር። እልልታሽን መስማት አቅቶኝ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ አፌ ይያዛል፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ። እባክሽ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትቆጪኝ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ።

ውክልናውን የላክሽልኝ ሰሞን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ሄድኩ። በስልክ የደረደርሽልኝን ጥያቄ ሁሉ አንድም ሳላስቀር ጠየቅኩት። ጠበቃ መያዝ የግድ ነው ወይ? የግድ አይደለም፣ ራስህን ችለህ መከራከር ትችላለህ፣ ነገሩ ከከበደህ ግን ያዝ አለኝ። ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እሱን ዳኛውም አያውቀው አለኝ። ምስክር ያስፈልገናል ወይ፣ ጎረቤታችን ብትረታ ይግባኝ ትላለች ወይ፣ ካሸነፍን መስኮትሽን የጋረደውን ክፍሏን የሚያፈርሰው ማነው? ሁሉንም መለሰልኝ፤ እሱ ያጎደለውን ከኋላዬ የተሰለፉት እየተቀባበሉ ሞሉልኝ። እዚያ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ግማሽ ጠበቃ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም፤ ለመሆኑ መጀመሪያ ለጎረቤትህ ነግረሃታል ወይ የሚለውን።

የተከሳሽ ስም ሲለኝ "እትዬ ካውያ" አልኩት። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ እስኪበቃው ሳቀ። ካውያ የሚባል ተከሳሽ የለም፣ ሂድና የመዝገብ ስሟን አምጣ አለኝ። እታለም፣ ስሟ ጠፋብኝ። እናታችን ካረፈች በኋላ ጠዋት ጠዋት የዩኒፎርም ቀሚስሽን ሽንሽን አንድ በአንድ እየተኮሰች ትምህርት ቤት የላከችሽ ሴት፣ የሰርግ ልብስሽን ማንም እንዳይነካባት ብላ እላዩ ላይ ቆማ ያደረች ሴት ስሟ ጠፋብኝ። ከሰልፉ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አሰብኩ። ያን ጊዜ ወደ ቤቴ መመለስ ነበረብኝ። ስሟ ትዝ ሲለኝ ግን ዕቃ ጠፍቶበት እንዳገኘ ሰው ደስ ብሎኝ ወደ ሰልፉ ሮጥኩ።

ለምን አልነገርካትም ትዪኝ ይሆናል። ፈራኋት። ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ "እንዴት አደርክ ልጄ?" ስትለኝ፣ ከስሼሻለሁ በማለት ፈንታ "ደህና" ብያት መሰላሌን ይዤ ወጣሁ። ፍርድ ቤቱ ይንገራት፣ ደመወዝ የሚበላበት ሥራው ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ደግሞም ያፈርኩበት ምክንያት አለኝ፤ ያን የመተኮሻ ክፍል ስትሠራ መብራት ያስገባሁላት እኔው ነኝ። ከቆጣሪዋ ሽቦ ስቤ፣ ለካውያዋ ሶኬቱን ከፍ አድርጌ፣ አምፖል ሰቅዬ "በይ እንግዲህ ሥሪበት" ብዬ መርቄያት ወጣሁ። ክፍሉ ያንቺን መስኮት እንደሚጋርድ ያን ዕለት አልታየኝም፤ ወይም ታይቶኝ ዝም ብያለሁ፤ አሁን ላይ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቀው። አንቺ ለዕረፍት መጥተሽ ክፍልሽ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራሽ ጊዜ ነው ነገሩ የከረረው። አባታችን ለአንቺ የሰጠሽ ክፍል ነው፤ ተመልሰሽ የምትኖሪበት ነው፤ መናደድሽ አይፈረድብሽም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እትዬ ካውያ ራዲዮዋን ለቅቃ ስትተኩስ ደንበኛ በሩን ቢደበድበውም አትሰማም። ስለዚህ የበር መጥሪያ ግጠምልኝ ብላ ስትነዘንዘኝ ከርማለች። የኤሌክትሪክ ዕቃ የምገዛበት ሱቅ ውስጥ አልቆ ስለነበር አዘዝኩላት። "ሰው ያመጣልሻል፤ መጥሪያ ነው ሲልሽ ፈርመሽ ተቀበዪና አስቀምጪልኝ፣ እኔ መጥቼ እገጥምልሻለሁ" አልኳት። በገዛ አፌ፣ ቃል በቃል እንዲህ አልኳት።

የሱቁ ሰው ሳይመጣ የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ መጣ። መጥሪያ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ አላት። ፈረመች፤ ሻይ ካልጠጣህ ብላም ያዘችው። እንደምታውቂው ከስሟ በቀር ፊደል ላይ እስከዚህም ናት፤ የታጠፈውን ወረቀት የዕቃው ደረሰኝ ነው፣ ዕቃው ይከተላል ብላ ከክር ሳጥኗ ሥር ሸጎጠችው። ለእኔ ግን ወረቀት አላለችኝም። በአጥሩ ብቅ ብላ "መጥሪያዬ መጣልኝ፣ ፈርሜ ተቀበልኩ፤ መቼ ትገጥምልኛለህ?" ነው ያለችኝ። እኔም የሱቁ ዕቃ መስሎኝ "ሰሞኑን" አልኳት። ክሱ ገና እጇ ያልገባ መስሎኝ ነበር፤ ገብቶ ቢሆን በሰላም ታነጋግረኛለች ብዬ አላሰብኩም።

በቀጠሮው ዕለት የለበስኩትን ሸሚዝ የተኮሰችልኝ እሷ ናት። ጉዳይ አለብኝ ብያት ኮሌታውን ቀጥ አድርጋ አቁማ ሰጠችኝ፣ "ጉዳይህ ይቃናልህ" ብላም መረቀችኝ። ምርቃቷ ደረሰ።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ይርገበገባል፣ መሰላል አምጡልኝ ልል ምንም አልቀረኝም። የእኛ መዝገብ ተራ ደርሶ የተከሳሿ ስም ሲጠራ ማንም አልተነሳም። የችሎት ጸሐፊዋ ወረቀቱን ገልጣ "መጥሪያው ደርሷታል፣ ፈርማ ተቀብላለች" አለች። መጥሪያ ነው ሲልሽ ፈርመሽ ተቀበዪ ያልኳት እኔ! ላቤ በዚያ በተተኮሰ ኮሌታ ሥር ወረደ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ተከሳሿ ያልቀረቡበትን ምክንያት ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

"አላውቅም፣ ክብርት ዳኛ" አልኩ።

ስለ አንቺ መስኮት ብዬ ነው ብልሽ ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩሽ። እውነቱን ብናገር ችሎቱ በሙሉ ይስቅብኛል ብዬ ነው። የበር ደወልና የፍርድ ቤት ጥሪ አምታትቶ ጎረቤቱን ያስቀረ ኤሌክትሪሺያን እንዳልባል ብዬ ያሳደገችኝን ሴት ከዳኋት። እሷ በሌለችበት ነገሩ ታየ፤ ፎቶውን አሳየሁ፣ የቤቱን ካርታ ሰጠሁ፤ በሌላ ቀጠሮ ደግሞ ክፍሉን አፍርሳ መስኮቱን ትክፈት ተብሎ ተፈረደ። ያ ክፍል ከፈረሰ መሥሪያ የላትም። ዋናው ቤቷ ውስጥ አልጋዋና ቁምሳጥኗ ራሳቸው ተጣበው ነው የተቀመጡት፤ የመተኮሻ ጠረጴዛዋን የት ታገባዋለች?

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። ፊቷን ላለማየት በጓሮ በር እየሾለኩ መውጣት ጀመርኩ። እሷ ደግሞ የታመምኩ መስሏት ሾርባ ይዛ መጣች፤ የመጥሪያው ነገር አያስቸኩልም፣ መጀመሪያ አንተ ዳንልኝ አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሾርባዋን ጠጣሁላት። ሳህኗንም ሳላጥብ መለስኩላት።

በማግሥቱ ወደ ጃንጥላው ሄድኩ። ጸሐፊው ገና ሲያየኝ "አሁን ደግሞ ማንን ልትከስ ነው?" አለኝ። አይ፣ የተረታ ሰው ምን ማድረግ ይችላል ብዬ ልጠይቅህ ነው አልኩት። ማን ረታህ ሲለኝ፣ ማንም አልረታኝም፣ እኔ ነኝ የረታሁት አልኩት። ጃንጥላውን ዘንበል አድርጎ በደንብ አየኝ። ያሸነፈ ሰው ለተሸነፈው ሲያለቅስ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይቼ አላውቅም አለና አስረዳኝ። በሌለችበት የተፈረደባት ሰው ያልቀረበችበት በቂ ምክንያት ካላት፣ ፍርዱ ተነሥቶ እንደገና ልሰማ ብላ ማመልከት ትችላለች፤ ግን ለዚህ የተወሰነ ጊዜ አለው፣ እሱ ካለፈባት አለቀላት። ሌላው መንገድ ተስማምታችሁ ዕርቁን በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ ነው። ለዕርቁ ግን አንተ ብቻህን አትበቃም አለኝ። ውክልናውን አውጥቼ አነበብኩት። ክሰስ ይላል፣ ተከራከር ይላል፣ ይግባኝ በል ይላል። ታረቅ አይልም። ያን ወረቀት ስናስጽፍ ታረቅ የሚለው ቃል ለአንቺም ለእኔም ትዝ አላለንም።

ትናንት ሄጄ ነገርኳት። እየተኮሰች ነበር። የሰው ነጭ ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሳለ ጀመርኩላትና እስክጨርስ ድረስ ካውያውን አቁማ ሰማችኝ። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ያ ሻይ ልስጥህ ብዬ የለመንኩት ሰው ያመጣው ያንተን ክስ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ራዲዮዋን ዘጋችው።

"ጨለመብን ብለኸኝ ታውቃለህ?" አለችኝ። ብያት አላውቅም። አንቺም ብለሻት አታውቂም፣ እታለም፤ ሁለታችንም ብናስብ ብናስብ ትዝ አይለንም። እሷም፣ አጥሩ እስከ ደረቴ ነው፣ በላዩ ጨው ተቀባብለናል፣ መዶሻ ተቀባብለናል፣ ሕፃን ተቀባብለናል፤ ይቺን አንዲት ቃል ማቀበል አቃተህ አለችኝ። ብትከሰኝስ ክሰሰኝ፣ ግን አፍ ሳለህ በማላውቀው ሰው እጅ? መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

ከዚያ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ሜትርህን ይዘሃል ወይ አለችኝ። ክፍሉን አብረን ለካነው። እሷ የሜትሩን ጫፍ ይዛ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ እዚህ ድረስ ቢቆረጥ ይበቃታል ወይ ትለኛለች። ጠረጴዛዋ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ቢዞርና በመስኮትሽ በኩል ያለው የክፍሉ ጫፍ ቢነሳ ብርሃኑ ይገባልሻል፣ እሷም መሥሪያዋ አይፈርስባትም። ጎበዝ አናጢ ከያዝን ከባድ ሥራ አይደለም። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንማታበት የኖርነው ነገር በአንድ ሜትር ጫፍ የሚያልቅ ነበር።

ማመልከቻውን ዛሬ ጠዋት አስጻፍኩላትና ፈረመችበት፤ አስገብቼላትም ቀጠሮ ተቆረጠ። እኔ ደግሞ ማመልከቻው ሲሰማ ዳኛዋ ፊት ቆሜ፣ ያን ዕለት አውቄ አላውቅም ብያለሁ እላለሁ። ጸሐፊው ዳኛዋ ሊቆጡህ ይችላሉ፣ ከቁጣም ሊያልፍ ይችላል ብሎኛል። ይለፍ። ከአንቺ የምለምነው ታረቅ የሚል ውክልና እንድትልኪልኝ ነው። እሺ ካላልሽም አልቀየምሽም፤ መብቱ ያንቺ ነው፣ በመብትሽ የቀለድኩት እኔ ነኝ። አምነሽ የላክሽኝ ወንድምሽ ድልሽን በውሸት አምጥቼ አስጨፈርኩሽ። እንዲያ ከሆነ ግን ሌላ ሰው ወክዪ፤ እኔ የእሷ ምስክር ሆኜ ስቆም በአንቺ ስም መከራከር አልችልም።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። በዚህ ነገር ምን እንደሚል እገምታለሁ፤ ድሮም ሴትዮዋን አናግሯት ብሎ ነበር፣ እኛ ነን የማንሰማ። ትልቋን ሳሚልኝ፤ ሕግ አጠናለሁ ብላኛለችና አጎቷን እንዳትመስል ምከሪያት። ትንሹን ጥርሱን ጎትተሽ ሳሚልኝ። ጎማ ጠጋኙ ሰላም ብሎሻል፤ የማዕዘኗ ባለሱቅም እንደዚሁ።

የመጨረሻው ሰላምታ የእትዬ ካውያ ነው። ሜትሩን እየጠቀለልን ሳለ "እሷስ ታውቃለች?" አለችኝ። አንቺን ማለቷ ነው። አታውቅም፣ የእኔ ብቻ ሥራ ነው አልኳት። አሁንም ዋሸኋት፤ ዛሬ ማመልከቻውን ሳነብላትም የከሳሽን ስም ዘልዬዋለሁ። አመነችኝ፤ ፊቷ ፈካ ሲል አየሁት። በል እንዳትነግራት፣ በሰው አገር ብቻዋን ታዝናለች፣ ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ብትሰማ አትችለውም አለችኝ። ችሎት ውስጥ የከሳሽ ስም ጮክ ተብሎ ነው የሚጠራው፣ እታለም። ቀጠሮው ሩቅ አይደለም።

ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ፣
ሽቦው

ከአባታችን ቤት፣ ከአጥሩ ወዲህ
ዓርብ ከቀትር በኋላ