መልካሙ የነቀለው ዲስክ

ይድረስ ለባለቤቴ ለአስማማው፣ አስሜ እያልሁ ለምጠራህ፤

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ገብቷል። ሙት ዓመትህን አውጥቻለሁ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለ የአገራችን ሰው ሁሉ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎሃል። እኔ ግን ያን ቀን ከንፈሬ ለነፍስህ ሲጸልይ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ዛሬም የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ ብቻ አይደለም። ረዳትህ የነበረውን መልካሙን ምን እንዳደረግሁት ልነግርህ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሰላም በጣም አድጋለች። ወሬዋን በአማርኛ ጀምራ በዐረብኛ ትጨርሳለች፤ ስቆጣት «መዓሌሽ ያ ዩማ»፣ አይዞሽ እማዬ ብላ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች፣ ቁጣዬም እዚያው ይቀራል። የመኝታ ክፍሉ ጣራ አንተ በደፈንህበት በኩል ደህና ነው፤ በሌላው በኩል ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ድስት እደቅናለሁ። ከተማው ከካርቱም በሸሸ ሰው ሞልቷል። ሁሉም የሚያሳትመው ፎቶ፣ የሚያባዛው መታወቂያ አለው። ብትኖር ሥራው ከአቅምህ በላይ ይሆንብህ ነበር።

ለዚህ ነው መልካሙ ዱካናችንን፣ ይህችን የኮምፒዩተር ሱቃችንን የተመኘው።

አስሜ፣ እንዳትቀየመኝ እንጂ በዚህ ልጅ ጉዳይ አንተም ሞኝ ነበርህ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ላንተ ነው። ባሱንዳ እርሻ ላይ በቀን ሥራ ሰሊጥ ሲያጭድ አገኘኸው፤ የአገሬ ልጅ ነው ብለህ አመጣኸው፤ ብሎን መፍቻ አስያዝኸው። ከአንድ ሳህን በላችሁ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል። እርሱ ግን በቀብርህ ቀን መሬት ላይ ተንከባሎ ከእኔ አስበልጦ አለቀሰ፤ ደረቱን ደቃ፣ ሰው ይዞ አነሣው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ማለት ያን ጊዜ ነበር።

በሠልስትህ ቀን ቁልፉን ጠየቀኝ። «እትዬ ትርንጎ፣ ኮምፒዩተሩን አቧራ እንዳይበላው ልጥረገው» አለ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠች ሴት ከፍራሿ ተነሥታ ሱቅ አትሄድም፤ እርሱም ይህን ያውቃል። ቁልፉን ሰጠሁት። አርባህን አውጥቼ ዱካኑን ስከፍት ማሽኑ ይጮሃል እንጂ ስክሪኑ ላይ የሚመጣ ነገር የለም። ብጠይቀው ዓይኑን እንኳ ሳያሽ «ዲስኩ ተቃጥሎ አገኘሁት፣ ነቅዬ ጣልሁት» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ከፊት ለፊታችን የራሱን ዱካን ከፈተ።

አንድ ቀን ሰላምታ ልሰጠው ብዬ ገባሁ። በስክሪኑ ላይ ሰላም የሚል ፎልደር አለ። አንተ በልጅህ ስም የሰየምኸው፣ የሰበሰብኸውን ሁሉ ያጠራቀምህበት፤ የስልክ መክፈቻ ፋይሎችህ፣ የመታወቂያ ፎቶ አቆራረጥህ፣ የልጅቷ ክርስትና ቪዲዮ። ሌባው ስሙን ለመቀየር እንኳ አልደከመም። ተሰናብቼው ወጣሁ። በአገራችን ቂም ያለበት ቤት ወንድ ልጅ ሲወለድ ደመላሽ ይሉታል። እኛ ወንድ ልጅ የለንም፤ ሰላምን ደግሞ ለዚህ አላሳድጋትም። ስለዚህ ደመላሹ እኔ ራሴ ሆንሁ።

የዱካኑ ባለቤት ሐጅ እድሪስ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን እርሳቸውም ትዕግሥታቸው አለቀ። «ያ ኡም ሰላም፣ የሰላም እናት፣ የተዘጋ ዱካን አልወድም። እስከ ዒድ ካልሠራሽበት ኸላስ፣ አበቃ፣ መልካሙ ሁለቱንም አንድ ላይ እይዛለሁ ብሎኛል» አሉኝ። ዱካኑ ከሄደ እኔና ሰላም የምንኖርበት ነገር አልነበረንም። ከከሰላ ዕቃ ከሚያመጣው ነጋዴ ምትክ ዲስክ አስመጣሁ፤ አንተ ኤስኤስዲ የምትለውን፣ ቀጭኑን። አንተ ስትሠራ ባትሪ እያበራሁልህ፣ ብሎን እየያዝሁልህ ማሽን መፍታትና መግጠም አውቄያለሁ። ሲስተም መጫን ግን እጄን አስገብቼበት አላውቅም። ከመልካሙ በቀር የምጠይቀው ሰውም አልነበረም። እርሱን ከምጠይቅ ደግሞ ዱካኑን ባቃጥለው ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ማሽኑ አዲሱን ዲስክ ከነመኖሩም አላየው አለ። ነጋዴውን በሌለበት ረገምሁት። በኋላ ፈትቼ ሳየው ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ የገዳሪፍን አፈር ጠጥቶ ደርቋል። በብሩሽ ጠርጌ፣ ጥግ ከተከመሩት አሮጌ ማሽኖች ሌላ ገመድ ነቅዬ ብሰካው ታየ። የከሰላውን ነጋዴ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ እርሱንም በሌለበት።

ከዚያ ሲስተሙን ከፍላሽህ ማስጫን ጀመርሁ። ግማሽ ድረስ በሰላም ይሄዳል፤ ቀሪውን በስልኬ ኔትወርክ ከኢንተርኔት ሊያወርድ ሲል ይቆማል። የፋይሎቹን ማረጋገጫ መቀበል አልተቻለም፣ ጊዜው ገና አልደረሰም ይላል። ጊዜው ገና ያልደረሰ ምን ማለት ነው? አጥፍቼ አስነሣሁ። ፍላሹን ቀየርሁ። ዲስኩን ከሥሩ አጽድቼ እንደገና ጀመርሁ። እዚያው ቦታ ሲደርስ ይቆማል። መልካሙ ከበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። ለደንበኞቹ «ብሎን መፍቻ ማማሰያ መሰላት» ብሎ ሲያስቃቸው ሰምቻለሁ። አስሜ፣ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ ይዤዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም እንደ ሞኝ ያዝሁት።

ለዒድ ስንት እንደቀረኝ ለማየት ከቤተ ክርስቲያን የሰጡንን የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ተመለከትሁ። የእኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ ከጥግ በትንሹ ተጽፏል። ዓመቱን ሳየው ክው አልሁ። ማሽኑ ካንተ ሞት ወዲህ ተነቅሎ ስለቆየ የውስጡ ትንሿ ባትሪ አልቃ ነበር፤ ገና ሳስነሣው ቀንና ሰዓት ሙይ ብሎኛል። እኔም ለንስሐ አባቴ እንደምነግራቸው ሞላሁለታ! የእኛን ቀን፣ የእኛን ወር፣ የእኛን ዓመት፤ ሰዓቱንም ከጠዋቱ ሦስት። ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተቀምጦ ዛሬ የተሠራ ፋይል ስሰጠው፣ ገና ያልተወለደ ሰው ፈረመልኝ እያለ ነበር የሚመልስብኝ። ባትሪዋን ቀየርሁ፣ ዓመቱን በፈረንጅ አስተካከልሁ። አንዴም ሳያንገራግር እስከ መጨረሻው ተጫነ።

ሰላም እስክስታ ወረደች። እኔ ድምፅ ማጉያውን ወደ መልካሙ በር አዙሬ የጎንደር ዘፈን እስከ ጥግ ለቀቅሁበት። ሐጅ እድሪስ ከመስጊድ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ሳቁ፤ ዱካኑን ለመልካሙ የመስጠታቸው ነገር በዚያው ተዘጋ። ከፊት ለፊት ረኩባ፣ የሣር ዳስ አሠራሁ፣ ሥሩ ዚር፣ የሸክላ የውሃ ጋን አስቀመጥሁ። በዚህ ሐሩር ሰው ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ወዳለበት ነው የሚሄደው። ደንበኞቹ አንድ በአንድ መንገዱን ተሻግረው ወደ እኔ መጡ። እያንዳንዱ ሲሻገር መልካሙን ቀና ብዬ አየው ነበር።

ይህ ግን አልበቃኝም። በዚህ ክረምት መብረቅ ወርዶ ከህራባውን፣ የመብራቱን መስመር ሲመታ የመልካሙ ማሽን ተመታ። ያንተ ዲስክ በእጁ ሞተ። ስሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ደግሞ በውስጡ የነበረው ቪዲዮ ትዝ አለኝ፤ ሰላምን ታቅፈህ የምትስቅበት። እርሱም አብሮ ጠፋ። ዱካኑን ዘግቼ አለቀስሁ።

መልካሙ አዲስ ዲስክ ገዝቶ ቀናት ሲታገል ከረመ። በመጨረሻ ረኩባው ሥር መጥቶ ቆመ። ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይዟል። «እትዬ፣ እባክሽ አንዴ እዪልኝ። ጋሼ አስማማው ቢኖር ይህ አያቅተውም ነበር» አለ። ስምህን በአፉ ጠራው! ፎቶውን አየሁት። ያው መልእክት ነው፤ ከጥጉ ላይም ዓመቱ የእኛ ነው፤ መብረቁ የማሽኑን ሰዓት አጥፍቶበት እንደ እኔ በአገራችን አቆጣጠር ሞልቶታል። ሰዓቱን ሁልጊዜ አንተ ስለምትሞላለት ይህን ሳይማር ቀርቷል። አንድ ቃል ብናገር፣ ዓመቱን ብቻ ብለው፣ ወዲያው ይሠራለት ነበር። ውሃ ቀዳሁለት፤ ውሃ ለጠላትም አይከለከልም። ጠጥቶ ሲጨርስ «አላውቅም» አልሁት።

አልቆየም፤ ዕቃውን ሽጦ ኸሽም ኤል ቂርባ መስኖ እርሻ ወርዶ ቦይ ይቆፍራል አሉ። ሰው አሳዘነኝ እንድል ይጠብቃል። አላሳዘነኝም አስሜ። ቂሙ ጣፈጠኝ፣ ዛሬም ይጣፍጠኛል።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ልከሽ አስጠሪው፣ እርቅ አውርዱ፣ ያለ እርቅ ሥጋ ወደሙ የለም አሉኝ። እንቢ አልሁ። አሁን ቅዳሴ ሳስቀድስ ሰላም ትቆርባለች፣ እኔ ከኋላ ቆሜ አያታለሁ። እንዲህ ከሞትሽ አስማማው ካለበት አትደርሺም ሲሉኝ ግን ደነገጥሁ። በዚህ ዓለም ካስፈራሩኝ ነገሮች ሁሉ የፈራሁት ይህን ብቻ ነው።

አንተን አልረሳህም። ብሎን በጥርስህ ነክሰህ ስታንጎራጉር፣ ወባ አልጋ ላይ ጥሎህም ስለ ደንበኛ ስልክ ስትጨነቅ፣ ለሰላም የምነግራት ይህን ነው፤ እስካለሁ እነግራታለሁ። መልካሙንም አልረሳውም። አንድ ቀን ምናልባት ልቤ ይደክመው ይሆናል፣ አላውቅም። እስከዚያ ግን ባለህበት ቆየኝ። ቂሜን ስጨርስ እመጣለሁ።

ያንተው ትርንጎ