የሸንጋ ቁልቁለት ትራክተረኛ፦ ወይዘሮ አስካለች አደሎ (1939–1983 ዓ.ም.)

ወይዘሮ አስካለች አደሎ ከአባታቸው ከአቶ አደሎ ሻዎ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚርያም ገዶ ታኅሣሥ 11 ቀን 1939 ዓ.ም. በጌጫ ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። እናታቸው እንሰት ያለሙ ነበር፤ አባታቸው ደግሞ በጫካው ረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር የሚቆርጡ ሰው ነበሩ። ለቤተሰቡ ሦስተኛ ልጅ የነበሩት አስካለች ገና ልጅ ሳሉ፣ አባታቸው ዛፍ ሲወጡ ገመዱን ከታች ሆነው ይይዙላቸው ነበር። ወንዶች ልጆች እያሉ ይህ ሥራ ለሴት ልጅ ለምን እንደተሰጠ ጎረቤት ሲጠይቃቸው አቶ አደሎ፣ «እሷ ወሬ አትሰማም፤ ገመዱን ነው የምታየው» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን በጌጫ እስከ አራተኛ፣ በማሻ ደግሞ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በ1955 ዓ.ም. አባታቸው በማረፋቸው ትምህርቱን አቋርጠው ቴፒ ወደሚኖሩት አክስታቸው ዘንድ መጡ፤ በሸንጋ ወንዝ አጠገብ በነበረው የግል የቡና እርሻም በለቃሚነት ተቀጠሩ። በዚያው እርሻ ትራክተር ይነዱ ከነበሩት ከአቶ ጴጥሮስ ሻዋኖ ጋር ተዋውቀው ጥር 1960 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ። ልጃቸው ትሁት በ1961፣ ልጃቸው ታምሩ በ1964 ዓ.ም. ተወለዱ። አቶ ጴጥሮስ ሳቂታና ለሰው እምቢ ማለት የማይሆንላቸው ባል ነበሩ።

ኅዳር 1966 ዓ.ም. አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ጨርሰው በትራክተሩ ሲመለሱ ሦስት ለቃሚዎች «አድርሰን» ብለው ለመኗቸው። አቶ ጴጥሮስም የኋላ ጎማው መሸፈኛ በሆነው ፓራፋንጎ ላይ አስቀመጧቸው። ቀኑ እየመሸ ስለነበር ለመፍጠን ብለው የሸንጋን ቁልቁለት ማርሽ ነፃ አድርገው ወረዱት። ትራክተሩ ፍሬን አልይዝ አላቸውና ከመንገዱ ወጥቶ ተገለበጠ። ለቃሚዎቹ ተወርውረው ቆስለው ተረፉ፤ አቶ ጴጥሮስ ግን ከመሪው ሥር አልወጡም። ወይዘሮ አስካለች ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበሩ።

በለቅሶው ሰሞን የሚወራው ብዙ ነበር። ግማሹ ቁልቁለቱ ክፉ መንፈስ አለበት ይላል፤ ግማሹ ማሽኑ ደም የለመደ ነው ይላል። ወይዘሮ አስካለች አርባው እንዳለፈ ልጃቸውን ታምሩን አዝለው ወደ እርሻው ጋራዥ ሄዱ። የጋራዡ ኃላፊ ከጎጃም የመጡት መካኒክ አቶ ፈንታው አስረስ ነበሩ።

«ጋሽ ፈንታው፣ ባሌን ምን እንደገደለው ይንገሩኝ» አሏቸው።

አቶ ፈንታው ለማጽናናት ሞከሩ። እሳቸው ግን፣ «ማጽናኛማ ሰፈር ሙሉ አለ፤ እኔ የምፈልገው እውነቱን ነው» ብለው ቆሙ። ያን ጊዜ አቶ ፈንታው በእንጨት መሬት ላይ ሥዕል እየሣሉ አስረዷቸው። ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ራሱ ጎማውን እንደሚይዘው፣ ማርሽ ነፃ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ክብደት ፍሬኑ ላይ ብቻ እንደሚወድቅ፣ ፍሬኑም ውሃ ጠጥቶ እንደነበር፣ በጎን የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሚዛኑን እንደሚያዛባው አንድ በአንድ ነገሯቸው። ወይዘሮ አስካለች ሥዕሉን በጣታቸው እየተከተሉ አዩት። ከዚያም፣ «እንግዲያው ማወቅ ያድን ነበር ማለት ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በ1967 ዓ.ም. መሬት ለሕዝብ በታወጀ ጊዜ እርሻው የመንግሥት ሆነ። በ1969 ዓ.ም. ለሠራተኞች የኦፕሬተርነት ሥልጠና እንደሚሰጥ ሲነገር ሃያ ሁለት ሰው ተመዘገበ፤ ከነዚህ ውስጥ ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። መዝጋቢዎቹ ስማቸውን ሁለት ጊዜ ሠርዘዋል፤ እሳቸውም ሁለት ጊዜ ተመልሰው አስጽፈዋል። በመጨረሻ አቶ ፈንታው ለብቻቸው ጠርተው፣ «አስካለች፣ ጴጥሮስ የሞተበትን ያንን ቀይ ትራክተር ስታዪው እጅሽ ይንቀጠቀጣል። እንዴት ትነጃለሽ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ሲንቀጠቀጥ አልነዳም፤ ሲረጋ እነዳለሁ» አሏቸው።

ሥልጠናው በሚዛን ተፈሪ ስድስት ወር ፈጀ። ቀሚሳቸውን ትተው ቱታ በመልበሳቸው በገበያ የተሳለቀባቸው አልጠፋም። እሳቸው ግን ከትራክተሩ ጀርባ የሚሽከረከረው ዘንግ ቀሚስም ሆነ ነጠላ ካገኘ ሰውን ጠቅልሎ እንደሚወስድ ተምረው ነበርና ሳቁ አላሳፈራቸውም። የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር፣ ማሻ መምህር ለነበረው ለታናሽ ወንድማቸው ለእንድርያስ ቃላቱን ፊደል በፊደል እየገለበጡ በደብዳቤ ይልኩለት ነበር። እሱም መዝገበ ቃላት ይዞ፣ ያቃተውን ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህር እያሳየ ይመልስላቸዋል። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲጻጻፉ ቆይተው መጽሐፉ በሁለት ደብተር ወደ አማርኛ ተመለሰ። ወንድምየው ሥራው ሲያልቅ ስለ ራዲያተር ከእህቱ ጋር መከራከር የሚችል መምህር ሆኖ ነበር።

ሥልጠናውን በሁለተኛነት አጠናቀው ሲመለሱ እርሻው የሰጣቸው፣ ተጠግኖ የቆመውን ያንኑ ቀይ ትራክተር ነበር። ሌላ ይሰጠኝ አላሉም። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቡ ቆመው ጸለዩ፤ ቀጥለው ዘይቱን ለኩ፣ ውሃውን ሞሉ፣ የጎማውን ብሎኖች አንድ በአንድ በእጃቸው ፈተሹ፣ ፍሬኑን ሜዳ ላይ ሞከሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው የወጡበት። ይህንን ሥርዓት አሥራ ሦስት ዓመት አንድም ጠዋት አላስቀሩትም። ቁልቁለት ከመድረሳቸው በፊት ቆመው ከባድ ማርሽ ያስገባሉ። ሞተሩ ሳይጠፋ ከማሽኑ ሥር እጃቸውን አይሰዱም። የጋለ ራዲያተር አይከፍቱም፤ ሌላውንም አያስከፍቱም። ፓራፋንጎው ላይማ ሰው ማስቀመጥ በእሳቸው ዘንድ የማይነሣ ነገር ነበር። አንድ ጊዜ የገዛ እናታቸው ከጌጫ መጥተው ደክሟቸው ሳለ፣ ትራክተሩን አቁመው እናታቸውን በእግር ቤት ካደረሱ በኋላ ተመልሰው ሥራቸውን ቀጥለዋል። ወይዘሮ ሚርያም ይህን አሁንም እያሳቁ ያወሩታል።

አሁን የምንናገረውን ነገር ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን በአደባባይ ለማንበብ ባልደፈርን ነበር። ኅዳር 1976 ዓ.ም. የቡና ለቀማ ዘመቻ በተፋፋመበት ጊዜ፣ ተሳቢውን ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው ፒን መበላቱን ወይዘሮ አስካለች በጽሑፍ አመልክተው ነበር። መለዋወጫው እስኪመጣም ከግማሽ ጭነት በላይ አይወስዱም ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት አንድ ጠዋት ከአውራጃ የመጡ አንድ ኃላፊ ስድሳ ለቃሚዎችን ሰብስበው፣ በተሳቢው ተጭነው ቴፒ ላይ ለሚደረገው ሰልፍ እንዲወርዱ አዘዙ።

«ጓድ አስካለች፣ ሰልፉ በአራት ሰዓት ይጀመራል፤ ይዘሻቸው ውረጂ።»

«ጓድ፣ ቡና በልክ እጭናለሁ፤ ሰው አልጭንም። ፒኑ ተበልቷል፤ መንገዱም ረጥቧል።»

«ይህ እኮ የአብዮቱ ትእዛዝ ነው።»

«ገብቶኛል። ቁልቁለቱ ግን ትእዛዝ አይሰማም» አሉ።

ከዚያም ሞተሩን አጠፉ፤ ማርሽ አስገብተው፣ የእጅ ፍሬን ስበው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ። ቁልፉን በቱታ ኪሳቸው ከተቱና ወደ ለቃሚዎቹ ዞረው፣ «በእግራችን እንሂድ፤ እኔም አብሬያችሁ ነኝ» አሏቸው። ስድሳውም ሰው ጭቃውን እየረገጠ ተከተላቸው። ሰልፉ ላይ የደረሱት ካለፈ በኋላ ነበር።

በማግስቱ በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሰው ታሰሩ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰውን የት ሊያደርስ እንደሚችል እዚህ የተሰበሰበ ሁሉ ያውቀዋል። ወንድማቸው እንድርያስ ከማሻ ስንቅ ይዞ ሲመጣ፣ «ይቅርታ ጠይቂና ውጪ» ብሎ ለምኗቸው ነበር። እሳቸውም፣ «ምን ብዬ? ስላልገደልኳቸው ይቅርታ ልበል? ይልቅ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ እይልኝ» አሉት። ፈርተው እንደነበር ከዓመታት በኋላ ነግረውታል፤ በዚያች ሰዓት ግን ፊታቸው ላይ አልታየም።

በአሥራ አንደኛው ቀን አቶ ፈንታው የተበላውን ፒን ከተሳቢው ፈትተው፣ ከአንድ አዲስ ፒን ጋር በጨርቅ ጠቅልለው መርማሪዎቹ ፊት አቀረቡ። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ «ስድሳ ሰው በዚህ ላይ ሊንጠለጠል ነበር» ከማለት በቀር ሌላ አልጨመሩም። ከውጭም አሥራ ስምንት ለቃሚዎች ጣታቸውን ቀለም ነክረው የፈረሙበት ወረቀት ይዘው ቆመው ነበር። ወይዘሮ አስካለች በዚያው ዕለት ተፈቱ። ይቅርታ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እንዲያውም ከትራክተር ተነሥተው ወደ ችግኝ ጣቢያ ተዛወሩ። አምስት ወር ፕላስቲክ ውስጥ አፈር ሲሞሉ ከረሙ። በምሳ ሰዓት ግን ኦፕሬተሮቹ አንድ በአንድ እየመጡ ስለ ፍሬናቸውና ስለ ፊልትሯቸው ይጠይቋቸው ነበር። ቀዩን ትራክተር የተረከቡት አቶ ኃይለሚካኤል ግንቦት ላይ ለአዲሱ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ፣ «እሷ ሳታየው አልወርድም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ሥራ አስኪያጁም ነገሩን መርምረው ወይዘሮ አስካለችን ወደ መሪያቸው መለሷቸው።

በ1977 ዓ.ም. በእርሻው የኦፕሬተሮች አሠልጣኝ ሆኑ። ያ በሁለት ደብተር የተጻፈ ትርጉም በታይፕ ተባዝቶ ማስተማሪያ ሆነ። ሠልጣኞቻቸውን በመጀመሪያው ሳምንት ሞተር አያስነሡም ነበር፤ ቁልቁለቱን በእግር እያስወረዱ፣ የት እንደሚያንሸራትት፣ የት እንደሚቆም ያሳዩአቸዋል። አንዱ ሠልጣኝ፣ «እትዬ፣ እኛ መንዳት ልንማር ነው የመጣነው» ቢላቸው፣ «መቆም ያልቻለ ነዳ አይባልም» ብለውታል። በ1979 ዓ.ም. ኮከብ ሠራተኛ ተብለው ሲሸለሙ የምስክር ወረቀቱን ቤታቸው አልወሰዱትም። ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ከሥሩ የአቶ ፈንታውን፣ የአቶ ኃይለሚካኤልን እና የአሥራ ስምንቱን ለቃሚዎች ስም በእጃቸው ጻፉበት።

ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳድገው ለቁም ነገር አብቅተዋል። ትሁት ነርስ ሆናለች፤ ታምሩ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኗል። ቤተ ጸሎቱ በመንግሥት ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታትም ቤታቸው ለጸሎት ተዘግቶ አያውቅም።

ወይዘሮ አስካለች በ1982 ዓ.ም. መጨረሻ በኩላሊት ሕመም ተያዙ። በሚዛንና በጅማ ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተዋል። መቀመጥ ሲያቅታቸው ሠልጣኞቹን ቤታቸው ድረስ እያስመጡ ከአልጋቸው ላይ ጠይቀዋቸዋል፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ሠልጣኞችም በዚህ ሁኔታ አስመርቀዋል። ሐምሌ 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ቅዳሜ ማለዳ፣ ልጆቻቸው በአጠገባቸው ሳሉ፣ በአርባ አራት ዓመታቸው በጌታ አንቀላፉ። የእናታቸውን የወይዘሮ ሚርያምን፣ የሁለት ልጆቻቸውን፣ የወንድሞቻቸውንና የእህቶቻቸውን፣ እንዲሁም አባት የሆኗቸውን የአቶ ፈንታውን ኀዘን ጌታ ያስታግሥ። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው እንድርያስ አደሎ ነው።

በሰባት ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ኦፕሬተሮች አሠልጥነዋል። ከአርባ ሦስቱ አንድም በማሽን የሞተ የለም፤ አንድም ሰው የገደለ የለም። ከማሻ፣ ከጌጫና ከሚዛን ተሰብስበው ዛሬ አስከሬናቸውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ በሸንጋ ቁልቁለት ሳይቸኩሉ ያወረዷቸው እነዚሁ ናቸው። ስንቱን በሰላም ወደ ቤቱ ያደረሱትን እናት፣ እግዚአብሔር እሳቸውንም በሰላም ወደ ቤቱ ያስገባቸው። አሜን።