የጉልበት መርፌው ስሙ ማን ይባላል?

ከገበያው በላይ ላለው ክሊኒክ ለተከበሩት ባለቤትና ኃላፊ፣
መካነ ሰላም

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለጉልበትዎም ብርታት እንዲሰጥልኝ እመኛለሁ፤ ጉልበትዎን ለይቼ የጠቀስኩት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይረዱታል። ስምዎን ያልጻፍኩት መጻፍ አቅቶኝ እንዳይመስልዎ። የማታ ትምህርቱን ከጨረስኩ ወዲህ እኔን የሚያስቸግር ፊደል የለም፤ የሱቅ ሰሌዳ ሳላነብ የማላልፍ፣ ከአጅባር በሚመጣ መኪና ላይ የተጻፈውን ሳይቀር ለተሳፋሪው ጮክ ብዬ የማሰማ ሰው ሆኛለሁ። ስምዎን የተውኩት ለክብርዎ ስል ነው።

እኔ የከብት ደላላው አራጋው ነኝ። ባለቤቴን ይታይሽን ያውቋታል፤ ጉልበቷን ቆርጥሟት ወደ እርስዎ የመጣችው፣ እርስዎም ያን ስመ ጥር «የጉልበት መርፌ» ወግተው በማግስቱ እንደ ልጃገረድ ያስኬዷት ሴት ናት። ከዚያ በኋላ ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር እሷም ወደ እርስዎ ስትመለስ ኖረች። አሁን ደሴ ሆስፒታል ተኝታለች። እኔም እንቅልፍ ካጣሁ ብሰነብትም፣ ምስጋናዬን ሳላጓድል የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ይታይሽን ስላወፈሩልኝ አመሰግናለሁ። ፊቷ ክብ ሆኖ ጉንጯ ቀላ፣ ማጅራቷ ላይ ሥጋ ተከመረ፣ ሆዷ ገፋ። ጎረቤቱ ሁሉ «ማሻአላህ፣ አማረብሽ! የአራጋው ቤት ተስማማሽ» ይላት ጀመር፤ የሚስት ውፍረት የባል ደግነት ተደርጎ በሚቆጠርበት አገር እኔም ጢሜን እየዳበስኩ ምርቃቱን ተቀበልኩ። እግሯና ክንዷ ግን እየሰለለ ነበር። እንዲህ ያለ በሬ ገበያ ቢመጣ ሻጩን «ምን አብልተኸው ነው?» ብዬ አፋጥጠው ነበር፤ ነጭ ጋዎን የለበሰን ሰው ግን ማን ደፍሮ ያፋጥጣል?

ሁለተኛ፦ በኢማንም ስላሳደጓት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ይታይሽ ስትሰግድ ግንባሯን መሬት ካስነካች በኋላ ቶሎ አትነሣም ነበር። ሴቶቹ «ሱጁዷ እንዴት ረዘመ! የአላህ ፍቅር ገብቷታል» እያሉ ይቀኑባት ጀመር፤ «ለኛም ዱዓ አድርጊልን» የሚሏትም ነበሩ። አንድ ቀን ልጃችን ሀናን ስታያት ቆይታ ጠጋ አለችና «እማ፣ አሁንም ዱዓ ላይ ነሽ?» ብትላት፣ «ዱዓውንስ ጨርሻለሁ ልጄ፤ ጭኔ አላነሣኝ ብሎ ነው። ሰው ሳያይ አንሺኝ» አለቻት። ያን ቀን በቤታችን የሳቀ የለም፤ እኔም ጭምር።

ሦስተኛ፦ ስለ ሥራ ክፍፍላችሁ። ስኳሯ ሲጨምር አንዱ ክፍል የስኳር ኪኒን፣ ግፊቷ ሲወጣ ሌላው ክፍል የግፊት ኪኒን ሰጠን። ይህ ሁሉ ነገር በአንዲት ሴት ላይ በአንድ ወቅት ለምን ተሰበሰበ ብሎ የጠየቀ ግን አልተገኘም። ይታይሽን እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደብ አድርጋችሁ ተካፈላችኋት።

አራተኛ፦ ገላዋ ያለ ምክንያት ሲበልዝ እኔን ወደ ጎን ጠርተው «አራጋው፣ አላህን ፍራ፤ ሴት ልጅ አትመታም» ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ምክሩ መልካም ነው። የመታት ማን እንደሆነ ለማግኘት እኔም ከእርስዎ ጎን ቆሜ ለመፈለግ ዝግጁ ነኝ።

ደሴ ያየቻት ሐኪም ገና ሆዷ ላይ ያለውን ወይን ጠጅ መስመር ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ለሕመምም፣ ለቆዳም፣ ለአስምም ብለሽ የወሰድሽው መድኃኒት አለ? መርፌም ቢሆን፣ ቅባትም ቢሆን» ብላ ጠየቀቻት። ለካስ በሁላችንም ሰውነት ውስጥ ኮርቲሶል የሚባል ነገር ይመረታል፤ ሲበዛ ይህን ሁሉ ያመጣል። ዋናው ጥያቄ ከየት በዛ ነው። ከውጭ ከገባ ምንጩ ስቴሮይድ የሚባለው የመድኃኒት ወገን ነው፤ ያኔ የራሷ ዕጢ ሥራ ፈትታ አንቀላፍታለችና መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ሊገድላት ስለሚችል ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ከውስጥ ከሆነ ግን ከኩላሊቷ በላይ ወይም ከአንጎሏ ሥር የበቀለ እብጠት ሊኖር ስለሚችል፣ እሱን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ትላካለች። ሐኪሟ «የመርፌውን ስም አምጣልኝ፤ የደሟን ውጤት በትክክል የማነበው እሱን ሳውቅ ነው» ብላ ላከችኝ።

አምስተኛው እንግዲህ ይኸው ነው። መርፌውን ሁልጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ስለሚቀዱት ብልቃጡን አይተነው አናውቅም። መጥቼ ብጠይቅዎ «የጉልበት መርፌ ነው አልኩህ እኮ! ሌላ ከፈለግህ በጽሑፍ አቅርብ» አሉኝ፤ አጠገብዎ የነበሩትም ሳቁ። በአውራ ጣቴ ስፈርም ያዩኝ ሰው ስለሆኑ አልፈርድብዎትም፤ የማታ ትምህርት መግባቴን የነገረዎ አልነበረም። ይኸው ታዲያ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይም ስለለጠፍኩት አልደረሰኝም ለማለት አይቸገሩም።

ከእርስዎ የምለምነው ረጅም መልስ አይደለም፤ አንዲት ስም ትበቃኛለች። ለእኔ መንገሩ ከከበደዎ ለሐኪሟ ይደውሉላት፤ የስልክ ቁጥሯን ለዘበኛዎ ሰጥቼዋለሁ። ይታይሽ አልጋ ላይ ሆና እየጠበቀች ነው፤ አሁን ሳትደገፍ መቀመጥም ከብዷታል።

ክቡርነትዎን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ አውራ ጣቴን ከቀለም አሳርፌ በገዛ እጄ የምፈርም፣

አራጋው በላይ
የከብት ደላላና የማታ ትምህርት ምሩቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መምህራችን ኸባብ ደብዳቤዬን ወደደውና ገና በመማር ላይ ላሉት ለጽሕፈት መለማመጃ እንዲገለብጡት ሰጣቸው። ጎረቤታችን ሐረግ፣ የመርፌዎ የዘወትር ደንበኛ፣ አንደኛውን ገልብጣ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጉንጯን ዳሰሰች፣ ቀጥሎ ጭኗን ጨበጥ አደረገች፤ «አራጌ፣ ይኸ የጻፍከው የይታይሽን ነው ወይስ የኔን?» አለችኝ። «የመርፌሽን ስም ራስሽ ጠይቂያቸው» አልኳት። ነገ ወደ እርስዎ ትመጣለች፤ እሷ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ስለሆነች፣ እባክዎን በጽሑፍ አቅርቢ አይበሏት።